በሁለት እጃቸው የጨበጡን ሰው

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የሙያ ባልደረቦች፣ ጎረቤቶች፣ እንዲሁም ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ኮፍያችሁን አውልቃችሁ የቆማችሁ አድናቂዎቻቸው፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የጎልፍ ተጫዋች ታሪክ የምታነብላችሁ ታናሽ እህታቸው ናት። በጽሑፉ ውስጥ «እህታቸው» የሚል ሲመጣ እኔን ማለት መሆኑን ከወዲሁ እየገለጽኩ፣ ድምፄ ሳይሰበር ብትሰሙት ሐዘኑ የቀለለኝ አድርጋችሁ እንዳታዩብኝ እለምናለሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ምንም ነገር አይሰማኝም፤ ሻይ ሰጥተውኝ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ ሳላውቀው ጠጥቼዋለሁ።

ሟቹ የተወለዱበት ቀን በወረቀት አልሰፈረም። ወላጅ እናታቸው ግን የጎልፍ ሜዳው ሁለተኛ ኩሬ በሚቆፈርበት ዓመት እንደወለዷቸውና የመቆፈሪያው ማሽን ጩኸት አራሷንም ሕፃኑንም እንቅልፍ ነስቷቸው እንደነበር ይናገሩ ስለነበር፣ በዚያ ስሌት ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት ነው። አባታቸው የሜዳው ሣር አጫጅ፣ እናታቸው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ቤታቸውም ከሜዳው አጥር ጀርባ ከተሠሩት የሠራተኛ መኖሪያዎች አንዱ ሲሆን፣ አቅጣጫ የሳተ ኳስ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ቤተሰቡ ማዕድ ላይም ቢሆን አንገቱን ደፋ ያደርግ ነበር። ይህ ልማድ እህታቸውን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ላይ ቀጥሎ የሚመጣው ትምህርት ነው። እህታቸው መምህርት በመሆኗ፣ «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አሳምሪልን» እያሉ ለመጡ ብዙ ሐዘንተኞች ይህን አንቀጽ ጽፋለች፤ «ዕድሜያቸው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ» ብላ ጀምራ ያላሳመረችው የለም። የሟቹ ወንድ ልጅም ትናንት ረቂቁን አንብቦ፣ «አክስቴ፣ እባክሽ ይቺን እንኳ እንዝለላት፤ ስማቸው ነው» ብሏል። ስም ያለው ሰው ልጅ መሆን ቀላል አይደለምና አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ሟቹ ራሳቸው እንዳይዘለል አደራ ስላሉ፣ አደራ ደግሞ ስለማይበላ፣ እንዲህ ተብሎ ይነበባል፦ ትምህርት ቤት አልገቡም። ከዕድሜያቸው ሃምሳ አንዱን ዓመት ማንበብም መጻፍም ሳይችሉ ኖረዋል።

ምክንያቱ የተለየ ነገር የለውም። ትምህርቱ ከዓመት ዓመት ሲተላለፍ ቆይቶ፣ አባታቸው ወገባቸውን ታመው በተኙ ጊዜ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ቤተሰቡ ከሠራተኛ መኖሪያው እንዳይባረር ማጨጃውን ተረከቡ፤ በጊዜው ገና ሁለት ዓመቷ የነበረችውን እህታቸውንም «እኔ ቀረሁ፣ እሷ ግን አትቀርም» ብለው ለእናታቸው ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ቁጥር ግን ያውቁ ነበር። በየጉድጓዱ ላይ ከተተከሉት ባንዲራዎች ከአንድ እስከ አሥራ ስምንት ለቅመውት፣ የቀረውን ራሳቸው ደረሱበት።

ጉልበታቸው ሲጠና ከማጨጃው ወደ ጎልፍ ዱላ ተሸካሚነት ተሻገሩ። ሌላው ተሸካሚ ጥላ ፈልጎ ሲያርፍ እሳቸው ኳሱ ለምን ወደ ግራ እንደታጠፈ ሲመራመሩ ይውሉ ነበር፤ ቀጥሎም አንገቱ የተሰበረ ዱላ አግኝተው፣ በሽቦ ጠፍረው፣ ሜዳው ሳይከፈት ጤዛው ላይ እየተለማመዱ ቆይተው፣ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው በሃያ አራት ዓመታቸው ባለሙያ ተወዳዳሪ ሆኑ። ስለ ዋንጫዎቻቸው ጋዜጦቹ በሚገባ ስለጻፉ አልደግመውም።

ባለቤታቸው የክለቡን ሠራተኞች የደንብ ልብስ የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። በጎልፍ አንድ ተወዳዳሪ የቱንም ያህል ቢያሸንፍ በቀኑ መጨረሻ የውጤት ካርዱን ካልፈረመ ከውድድሩ ይሰረዛልና፣ ባለቤታቸው የባላቸውን ስም በሰማያዊ ክር ጨርቅ ላይ ጠለፉላቸው፤ ሟቹም ጥልፉን በጣታቸው እየዳሰሱ አጥንተው፣ ከሳምንታት በኋላ በእስክሪብቶ ማስመሰል ቻሉ። ባለቤታቸው ግራኝ በመሆናቸው ጥልፉን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ፊደል እግር ስለነበር፣ የሟቹም ፊርማ ከዚያው ይጀምር ነበር። አንዱን ለመጨረስ ሰው ሁለት ጫማውን አስሮ የሚነሳበትን ያህል ይፈጅባቸዋል። በውጤት ድንኳን ውስጥ አንገት ደፍቶ ለሚፈርም ሰው ይህ ያልፋል፤ በሕዝብ ፊት ግን አያልፍም። ምስጢሩን ከወላጆቻቸው ሌላ ባልና ሚስት ብቻ ይዘውት ኖሩ፤ እህታቸውም ቁጥር ሲደምሩላት ስላደገች፣ ፊደሉንም የሚያውቁ ይመስላት ነበር።

ጎልፍ አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ ተመልካቹ ከገመድ ጀርባ ነው የሚቆመው። ጨዋታው ሲያበቃ ተጫዋቾቹ በገመዱ ጥግ ያልፋሉ፤ ሕዝቡም ኮፍያውን፣ ጓንቱን፣ ኳሱን ይዞ እጁን ይዘረጋል። ባልደረቦቻቸውን ላማ አልቆምኩም፤ አብዛኞቹ ደጎች ናቸው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲራመዱ ውለውም ይፈርማሉ፤ ከሕፃን ጋር ተንበርክከው ፎቶ የሚነሱም አሉ። እየፈረሙ ፊት የሚነሱም አልጠፉም፤ ኮፍያውን እንጂ ባለ ኮፍያውን ሳያዩት ያልፋሉ። ሟቹ ግን አይፈርሙም ነበር። የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጃቸው ይይዙና «ከየት መጣችሁ? ከማን ጋር መጣችሁ? ለመሆኑ እህል ቀመሳችሁ?» ይላሉ፤ መልሱን እስከ መጨረሻው ቆመው ይሰማሉ፤ የሰውየው እናት እንደታመመች፣ መኪናው መንገድ ላይ እንደቆመበት፣ ሁሉንም ይሰማሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋሉ። ሁለት እጁ የተያዘ ሰው እስክሪብቶ ተቀበል አይባልም።

ሕዝቡ «ባለ ሁለት እጁ» ብሎ ስም አወጣላቸው። ጋዜጦቹም ከተጫዋቾች ሁሉ ትሑቱ፣ ሰው ወዳዱ እያሉ ጻፉላቸው፤ ጽሑፉንም ባለቤታቸው አነበቡላቸው። እሳቸው ግን ከገመዱ ጀርባ የቆመውን ሰው ሁሉ ይፈሩት ነበር።

እህታቸውም ከዚህ ፍርሃት ድርሻዋን አግኝታለች። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለች በየወሩ ደብዳቤ ትጽፍላቸው ነበር፤ ጫማውና ልብሱ በሰው በኩል ሲደርሳት መልስ ግን አንድም ቀን አልደረሳትም። ዝና ሲገባ ወንድምነት ይወጣል ብላ ቂም ያዘች። ለማያውቁት መንገደኛ የተረፈው ወሬ ለአንድ እህት ማለቁ ያንገበግባት ነበር።

አርባ ሁለት ዓመት በሆናቸው ዓመት፣ አንዲት ሴት ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዘው፣ በቅርቡ የሞቱትን የባላቸውን ኮፍያ ይዘው ገመዱ ዘንድ መጡ። ባላቸው የሟቹ አድናቂ እንደነበሩ ተናግረው፣ የሚለምኑት የባላቸው ስም በተጫዋቹ እጅ እንዲጻፍበት ብቻ መሆኑን ገለጹ። ሟቹ የሴትየዋን እጆች ይዘው፣ ከየት ከተማ፣ ከየትኛው መንገድ እንደመጡ፣ ባላቸው ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ምን ያስቃቸው እንደነበር ሲጠይቁ አርባ ደቂቃ ቆሙ። ሴትየዋ እየመረቁ ሄዱ፤ ኮፍያው ግን እንደመጣ ተመለሰ። የዚያን ዕለት ቤት ገብተው ምግብ አልቀመሱም፤ «ሰው አታለልኩ» ማለታቸውን ባለቤታቸው ያስታውሳሉ።

በሳምንቱ ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ። እህታቸው የተማሪ ፈተና ከፊቷ ከምራ ታርም ነበር። ሟቹ አንዱን ወረቀት አንስተው ወዲያና ወዲህ አገላብጠው፣ «እስቲ እኔንም አስተምሪኝ» አሏት። እህታቸው ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ፣ ሲያሾፉብኝ!» አለች። እሳቸውም አብረዋት ሳቁ፤ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ልጆቿን ስመው፣ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ማንንም አልጠየቁም።

በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ በአንድ ውድድር ላይ፣ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፍ ሠዓሊ የተጫዋቾችን ስም ሊጽፍ ተቀጥሮ ከውጤት ድንኳኑ አጠገብ መሰላል ላይ ቆሞ ነበር። ከላይ ሆኖ ሟቹ ካርዳቸውን ሲፈርሙ አየ። ሌላው ሰው የሚያየው የተፈረመውን ነው፤ ሠዓሊው ግን አፈራረሙን አየና፣ ፊደልን ከእግሩ የሚጀምር ሰው ፊደሉን እንደማያውቀው ገባው። ሥራውን ጨርሶ እንደማንኛውም አድናቂ ከገመዱ ጀርባ ተሰለፈ። ተራው ደርሶ ቀለም የነካካ እጁን በሁለት እጃቸው ሲይዙት፣ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ «ሰኞ ሰኞ ሥራ የለኝም፤ ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ነው፤ እኔም የተማርኩት ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው» አላቸው። ያ ሰው ዛሬ እዚህ አለ፤ ጉልበቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም ያለበት ነው።

ሰኞ ሄዱ። ሠዓሊው ብሩሽ አስይዞ፣ አሮጌ ቆርቆሮ ላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል በክንድ ልክ ከአናቱ ጀምረው እንዲጽፉ አደረገ፤ ጽሕፈታቸው እስከ መጨረሻው የዳቦ ቤት ሰሌዳ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ባለቤታቸው ሰኞ በመጣ ቁጥር የቀለም ማቅጠኛ እየሸተቱ ሲገቡ አይተው፣ «ሴትም ከሆነች ቀለም ቀቢ ናት» ብለው ለጎረቤት አማርረዋል፤ ይህን እንዳነበው ፈቅደውልኛል። በሰባተኛው ወር አንድ ቆርቆሮ በብብታቸው ይዘው ገቡ፤ የባለቤታቸው ስም በቀይ ተጽፎበታል። ዛሬም ከስፌት መኪናው በላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ለእህታቸው ግን አልነገሯትም፤ ብትሰማ የሳቀችበት ቀን ትዝ ይላታል ብለው ነው ይላሉ ባለቤታቸው።

ከዚያ ወዲያ ለጠየቃቸው ሁሉ ጻፉ። ፊርማ ብቻ ሳይሆን የጠያቂውን ስም፣ የልጁን ስም፣ የመጣበትን ከተማ እየጨመሩ ስለሚጽፉ፣ የውድድሩ አዘጋጆች ወንበር አምጥተው ቢያስቀምጡላቸውም ሰልፉ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። እስክሪብቶውን ከመቀበላቸው በፊት ግን አሁንም እጁን በሁለት እጃቸው ይይዙ፣ አሁንም ከማን ጋር መጣችሁ ይሉ ነበር። ፍርሃቱ ለቀቃቸው፤ አመሉ አልለቀቃቸውም። በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን ደብዳቤም ለባለ ኮፍያዋ ሴት ጻፉ፤ ከተማውንና መንገዱን ከዚያ አርባ ደቂቃ ጀምሮ በቃላቸው ይዘውት ነበር። ሴትየዋ «ስለ ባሌ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ፤ ምን አጠፉና ይቅርታ ይጠይቁኛል?» ብለው መለሱላቸው። ሟቹ ራሳቸው አነበቡት፤ አላመኑትም።

ባለፈው ዓመት ድንገተኛ ሕመም ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው። አሥራ አምስት ዓመት የጻፈው እጅ አልጋው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀመጠ። እህታቸው ነገሩን ሁሉ የሰማችው ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት፣ በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ የማይዘጋው ክፍል ውስጥ ነው። «ስሞት አንቺ ነሽ የምትጽፊው፤ የትምህርቱን ነገር እንዳለ ጻፊው» አሏት። እህታቸውም ፈተና እያረመች የሳቀችበትን ቀን ያስታውሱት እንደሆነ ጠየቀች።

«ትዝ ይለኛል» አሉኝ። «ሥራ ላይ ነበርሽ።»

ከዚያ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት ነርሷ አንሶላ ልትቀይር ስትገባ አርፈው አገኘቻቸው።

ሟቹ ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ሠዓሊ ወዳጅና አንዲት እህት ትተው አልፈዋል። ለናንተም «ፊርማ ለምነውኝ በወሬ ሸንግዬ የመለስኳቸው ሁሉ ይቅር ይበሉኝ» የሚል ቃል ትተዋል፤ በየልባችሁ መልሱላቸው። እሳቸው ከሰልፉ መጨረሻ የቆመውን ሳያነጋግሩ ሄደው እንደማያውቁ፣ ፈጣሪም በደጁ የቆመችውን ነፍሳቸውን ሳያነጋግር አይለፋት፤ ከደጋጎቹም ጋር ያሳርፋት።

አንድ ማሳሰቢያ ቀርቷል። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የሐዘን መዝገብ አለ፤ ስትወጡ ስማችሁን ጻፉበት። መጻፍ የማይችል ካለ፣ ጠረጴዛው ዘንድ የምቆመው እኔ ነኝ፤ ይንገረኝ፣ እጽፍለታለሁ። መማር የሚፈልግም ካለ ይንገረኝ።

አልስቅም።