ጋቢው ሳጥን ውስጥ ነው

እኔ ስልክ መነካካት አላውቅበትም፤ ወሬውን ግን ሰማሁት። ከማርቆስ ወደ ደብረ ወርቅ በአውቶቡስ ስንሄድ ከፊቴ የተቀመጡ እናት፣ አጠገባቸው ያለችውን የማያውቋትን ተማሪ የልጃቸውን ገጽ በስልኳ እንድትከፍትላቸው ለመኗት።

«አገኘሁት እማማ። ዛሬ ጠዋትም ፎቶ ለጥፏል።»

«እስቲ አምጪው። ውይ፣ ከስቷል!»

«ባንዲራ ተከናንቦ ነው።»

«እሱንማ አየሁ። በርዶት ነው?»

«ኧረ አይደለም! ‹ለአገሬ እሞታለሁ› ብሎ ጽፏል።»

«ማን ሙት አለው ደግሞ?»

«አሁን ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው እማማ። ብዙ ሰው ወዶለታል።»

«አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ዓመቱ። ለአባቱ ሙት ዓመት እንኳ አልመጣም። ስደውልለት ሥራ ላይ ነኝ ይለኛል። ከዚህ ላይ ልትጽፊለት ትችያለሽ ልጄ?»

«እችላለሁ። ምን ልበለው?»

«እናትህ ጋቢ ፈትላ አሸምናልሃለች፤ ሳጥን ውስጥ ሁለት ክረምት አለፈው፤ መጥተህ ልበስ በይልኝ።»

ልጅቱ ጻፈች። ብዙም ሳንርቅ ስልኳ ጮኸ።

«መለሰ እንዴ?»

«መልሷል።»

«መቼ እመጣለሁ አለ?»

«ሦስት ባንዲራ ነው የላከው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም እማማ። ሳያነበው ይሆናል፤ ለሁሉም የሚመልሰው ይኸንኑ ነው።»

«እንግዲያስ ድገሚና ጻፊለት። ጋቢው ከባንዲራው ይሞቃል በይው።»

እኔ የራሴን ጋቢ እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።