ማንጊሁትና በጆሮ የምትቆጥረዋ ድምፅ

ማንጊሁት ከጀልባዋ ወርዶ የባሊጌን ዳገት ሲጀምር አንድ የሞተ ሰው እምቢልታ ሲነፋ ሰማ።

መጀመሪያ በጆሮው ላይ ፈረደ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ጆሮ አንዳንዴ የራሱን ወሬ ያወራል። ቆም ብሎ ሲያዳምጥ ግን ድምፁ አልጠፋም። ከሰርግ አዳራሹ የሚወጣው እምቢልታ ዜማውን ከመዝጋቱ በፊት አንዲት ቅላጼ እንደ ዋዛ አንጠልጥሎ ይተዋታል። ያቺን ቅላጼ ደግሞ በሐይቁ ዙሪያ ከጃውላክ በቀር የሚያወጣት አልነበረም። ጃውላክ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ራሱ ማንጊሁት ነበር።

«ኧረ ምን ጉድ ነው?» አለ። አጥር ተደገፈ።

ጠዋት ከቤቱ ያስወጣው ሌላ ጭንቀት ነበር። ጎረቤቱ ቲዮርማ አንድ ልጇን ልትድር ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ሟች ባሏ «ልጄ ስታገባ ጎንዳንግ ይመታላት» ብሎ ተናዞ ነበር፤ አምስቱ የተቃኙ ከበሮዎች፣ እምቢልታውና የናስ ደወሎቹ አብረው የሚሰሙበትን የአባቶች ሙዚቃ ማለቱ ነው። ማንጊሁትም በአልጋው አጠገብ ቆሞ «እኔ እያለሁ!» ብሎ ቃል ገብቷል። አሁን ግን ከጎንዳንግ ቡድኑ ገሚሱ ሞቶ፣ ገሚሱ ትቶ፣ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሐይቁን ተሻግሮ እምቢልታ ነፊ ሲፈልግ ውሎ ባዶ እጁን መመለሱ ነበር። ሰው ካልተገኘ ሰርጉን የከተማ ጥሩምባ ሊያሟሙቀው ነው፤ የሟች ኑዛዜም የማንጊሁት ቃልም ሜዳ ላይ ሊቀሩ ነው።

ወደ አዳራሹ ገባ። መድረኩ ላይ እምቢልታ ነፊ የለም። ደወል መቺም የለም። አንድ ወጣት ብቻውን ከኪቦርድ ጀርባ ተቀምጦ በሁለት እጁ ይጫወታል፤ አንድ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ሰክቷል። ቦናር ነው፤ የጃውላክ ልጅ፣ የማንጊሁት እህት ልጅ፣ ሜዳን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ የተማረው።

ጭፈራው አብቅቶ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ረጅሙን ንግግራቸውን ሲጀምሩ ማንጊሁት በመድረኩ ጀርባ ዞሮ መጣ። ቦናር ብድግ አለ። በባታክ አገር ለእናት ወንድም ቁጭ ብሎ መልስ መስጠት ነውር ነው።

«አጎቴ! እንዴት ዋሉ? መቼ መጡ?»

«አባትህ የት አለ?»

ቦናር ክው አለ። «አጎቴ… አባቴማ…»

«መሞቱን አጣሁት መሰለህ? ቀብሬዋለሁ! እዚህ ሰው ሰርግ ላይ ምን ያደርጋል ነው የምልህ!»

«እ… የተቀዳ ነው፣ አጎቴ። ይቀመጡ እባክዎ። መልክዎ ተለዋውጧል።»

«እንዴት አይለዋወጥ! የሞተ ሰው እየነፋ በቁሜ ሰምቼ! እናትህ ታውቃለች?»

«ታውቃለች። በመጨረሻው ዓመት ሳንባው ሳይዘጋ ‹ቅዳኝ› ያለኝ ራሱ ነው። እናቴ ነበረች በር ላይ ቆማ ዶሮዎቹን ዝም የምታሰኘው።»

ማንጊሁት ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። ቢቆጣም ፍትሐዊ ሰው ነበር፤ ሟች ራሱ ፈቅዷል ሲባል ግማሹን ቁጣ ዋጠው። ግማሹ ግን አልዋጥ አለው።

«እሺ፣ ፈቀደ እንበል። ሽማግሌው ተነሥቶ ‹የተከበራችሁ ሙዚቀኞቻችን› ብሎ ዜማ ሲለምን አቤት የሚለው ማን ነው? ይሄ ሳጥን? አባቶቻችን ለሙዚቀኛ የሚሰግዱት እንጨቱን ፈርተው መሰለህ?»

«አቤት የምለው እኔ ነኝ። ሳጥኑ ካላዘዝኩት ትንፍሽ አይልም።»

«ሕዝቡ ግን ይታለላል። ነፊ አለ ብሎ ያጨበጭባል።»

ቦናር አንገቱን ደፋ። «እዚህ ላይ እውነትዎን ነው። ይህን አላሰብኩበትም።»

ሽማግሌው እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። ለሙግት የተዘጋጀ ሰው «እውነትዎን ነው» ሲባል ደረጃ ስቶ አየር እንደረገጠ ይሆናል። ቶሎ ብሎ ሌላ ነገር ፈለገ።

«ደግሞስ፣ የተቀዳ ነገር መጨረሻ አለው። የሙሽራዋ አጎት የምርቃቱን ሸማ ይዞ እያለቀሰ ሲመርቅ ቢቆይ፣ ሸማው አየር ላይ እያለ ሙዚቃህ ቢያልቅ ምን ይውጥሃል? ‹ይበቃሃል፣ ውረድ› እንደማለት እኮ ነው!»

«ደርሶብኛል።»

«ምን?»

«የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ። ዜማውን እንዳለ ከዳር እስከ ዳር ቀድቼ ነበር የሄድኩት። አጎትየው ሸማውን አንሥተው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ዜማው ጭጭ አለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። እሳቸው ሸማውን እንደያዙ ቀሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

«ወይኔ! ወይኔ የእህቴ ልጅ!» ማንጊሁት ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁ?»

«ጠየቁ እንጂ። ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ለመንኩ። ከዚያ ወዲህ የአባቴን ዜማ በየዙሩ ከፋፍዬዋለሁ። አንዱ ዙር ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል፤ መርቀው ሲጨርሱ ይህችን በእግሬ እረግጣታለሁ፤ ያን ጊዜ ወደ መዝጊያው ይሄዳል። አንድ ዙር ይሁን ሃያ፣ የሚወስነው መራቂው ነው።»

ማንጊሁት አጎንብሶ ፔዳሏን እንደ እባብ ራቅ ብሎ አያት። ከዚያ አገጩን ወደ ማዳመጫው ጠቆመ።

«ጆሮህ ውስጥ ያለችውስ?»

ቦናር አውልቆ ሰጠው። ሽማግሌው ጆሮው ላይ ለጠፈና ወዲያው አላቀቀው። «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ! የጣራ እንሽላሊት! ሙዚቀኛ በእንሽላሊት ይነዳል?»

«ክሊክ እንላታለን፤ ቆጣሪ ናት። ሕዝቡ አይሰማትም፤ እኛ ብቻ ነን የምንሰማት።»

«ልጓም ናት በለኝ! እኔና አባትህ አርባ ዓመት አብረን ስንጫወት ማን ቆጠረልን? ብፈጥን ይከተለኛል፣ ብዘገይ ይጠብቀኛል።»

«አዎ። ያኔ በሕይወት ነበር» አለ ቦናር ዝግ ብሎ። «አሁን ሊጠብቀን አይችልም፣ አጎቴ። እኛ ነን ወደ እሱ መሄድ ያለብን። እሷ የምትነግረን አባቴ የቱ ጋ እንደደረሰ ነው።»

ሽማግሌው ማዳመጫውን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

ከሦስት ቀን በኋላ ማንጊሁት አምስቱን ከበሮዎች በጋሪ አስጭኖ እህቱ ቤት መጣ። ለቦናር «ላምንህ አይደለም፤ ቆጣሪህ የማትሠራ መሆኗን ላሳይህ ነው» አለው። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ጃውላክ መንፋት ጀመረ። ሽማግሌው ዓይኑ እንባ ቢሞላም እጁ አልተሳሳተም፤ ከበሮዎቹ ጓሮውን አናወጡት። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ፊቱ ተኮሳተረ። ሦስተኛው ላይ የከበሮ መምቻውን ወረወረ።

«ትጎተታለች! አልኩህ እኮ! ዕቃህ ትጎተታለች!»

«ዕቃ አይደክመውም፣ አጎቴ።»

«ትጎተታለች አልኩህ! ልክ እንደ ሳባም!»

ሳባም የቡድኑ ደወል መቺ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማንጊሁት በሰው ሰርግ መካከል «ትጎተታለህ! ሙዚቃ ትገድላለህ!» ብሎ ጮኾበት፣ ሰው ሁሉ እያየ ከመድረክ አውርዶታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳባም ደወል ነክቶ አያውቅም። በገበያ ሲተያዩም መንገድ ይሻገራሉ።

ቦናር አልተከራከረም። የማንጊሁትን ከበሮ ከቆጣሪዋ ጋር ቀድቶት ነበርና አሰማው። አንደኛው ዙር ላይ ከበሮውና ጠቅታው እኩል ይረግጣሉ። ሁለተኛው ላይ ከበሮው በፀጉር ያህል ቀደመ። ሦስተኛው ላይ ጠቅታው ብቻውን ከኋላ ቀርቶ እንደ አንካሳ ይከተላል።

«እንደገና» አለ ማንጊሁት።

አሰማው።

«እንደገና።»

አራት ጊዜ ሰማ። ፊቱ አመድ መሰለ። እህቱ ውኃ ብታመጣለት አልተቀበላትም።

«እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «የምሮጠው እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ!»

ሰው ስህተቱን ከሰው አፍ ሲሰማ የተናጋሪውን ጠብና ቅናት ይቆጥርና ይድናል። ጠቅታ ግን ጠብ የላትም፣ ቅናት የላትም፣ ምስክር አትጠራም። ማንጊሁት የሚያመካኝበት አላገኘም።

በማግስቱ ጠዋት ማንጊሁት ሄዶ የሳባም ደጅ ቆመ። ሳባም የአሳማዎቹን ገንዳ እየሞላ ነበር፤ ቀና ብሎ አየውና ሥራውን ቀጠለ።

«ቤት ተሳስተሃል» አለው።

«አልተሳሳትኩም። ሳባም፣ አንተ አልተጎተትክም። እኔ ነበርኩ የሮጥኩት።»

ባልዲው ከሳባም እጅ ወደቀ። «ማን ነገረህ?»

«ራሴ ሰማሁ። በጆሮዬ።»

ሳባም ባልዲውን አነሣ። «በሰው ፊት ማዋረድህ አይደለም ያመመኝ» አለ ኋላ። «ትክክል እንደነበርኩ አውቅ ነበር። ዓመት ሲቆይ ግን ‹ምናልባት እኔ እሆን?› ማለት ጀመርኩ። የራሴን ጆሮ ቀማኸኝ፣ አንተ ሰው።»

«ቀማሁህ። ልመልስልህ ነው የመጣሁት። ናና ስማ።»

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» አለ ሳባም እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። «እስቲ ሲያደናግርህ ልይ።»

ሦስቱ ለቲዮርማ ልጅ ሰርግ ዐሥራ አምስት ቀን ተለማመዱ። ማንጊሁት ቆጣሪዋን ሲረግም፣ ሳባም ሲስቅበት፣ ቦናር ሲታገሥ ከረሙ። የከበሮው እጅ ቀስ በቀስ ሩጫውን ተወ። ደወሎቹን ሳባም በእጁ ስለሚመታ ቦናር የተቀዳውን ደወል አጠፋው። «ሰው ባለበት ቦታ የተቀዳ አላስገባም፤ የተቀዳው ሰው ለጎደለበት ነው» አለ። እምቢልታው በማይኖርበት የመጨረሻው ጭፈራ ላይም ቆጣሪዋን አስቀርቶ ለሽማግሌው «እዚህ እንደ ልብዎ ይሩጡ» ሲለው ማንጊሁት እንደ ልጅ ፈነደቀ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልተበገረም። «ስሙ ይጠራ» አለ። «የሚነፋው ጃውላክ መሆኑ፣ የሞተ መሆኑ፣ ሕዝብ ይስማ። ያለዚያ ከበሮዬን አላመጣም።»

«ይጠራል፣ አጎቴ» አለ ቦናር።

በሰርጉ ቀን የሙሽሮቹ ወገን ሽማግሌ ተነሥቶ «የተከበራችሁ ሙዚቀኞቻችን» ሲል ማንጊሁት በድምፅ ማጉያው «አቤት!» አለና ቀጠለ፦ «ከበሮው የኔ፣ ደወሉ የሳባም፣ ኪቦርዱ የቦናር ነው። እምቢልታው የጃውላክ ነው። ጃውላክ ሞቷል። ከመሞቱ በፊት ትንፋሹን ለልጁ ትቶለት ነበር።»

አንዲት አሮጊት ደረቷን ያዘች። ከዚያ እምቢልታው ገባ፤ አንድ ሰው «ያምላክ ያለህ!» ሲል ተሰማ። የሙሽራዋ አጎት ሸማውን አንሥተው መመረቅ ጀመሩ። የሟች አባቷን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ አለቀሱ፤ እንደገና ጀመሩ። አራት ዙር፣ ስድስት ዙር፣ ዘጠኝ ዙር። ጃውላክ አልደከመም፤ ከበሮው አልቀደመም፤ ደወሉ አልቀረም። አጎትየው ሸማውን በሙሽሮቹ ትከሻ ላይ ሲያሳርፉ የቦናር እግር ፔዳሏን ነካ፤ ዜማው እንደ ሰው ተነፈሰና ተዘጋ። ቲዮርማ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

ከምሳ በኋላ ከሌላ መንደር የመጡ ሙዚቀኞች ማንጊሁትን ከበቡት። «አንተም በማሽን?» አሉት።

«እኔም!» አላቸው። «ስሙ፤ ነፊ ቢሞትባችሁ ዜማው አይሞትም። ሦስት ሆናችሁ የስድስት ሰው ሥራ ትሠራላችሁ። ጎንዳንግ ለማስመታት አቅም ያጣ ደሀ እንኳ ልጁን በወጉ ይድራል። ሽማግሌዎቻችሁን ዛሬውኑ ቅዱ፣ ነገ አትበሉ! በየዙሩ ከፋፍሉት እንጂ እንዳለ አትተዉት፤ መራቂን የሚያስቸኩል ሙዚቃ ስድብ ነው። የተቀዳውንም የተቀዳ ነው በሉ። ቆጣሪዋን ደግሞ ወዳጃችሁን ከማባረራችሁ በፊት ጆሯችሁ ውስጥ አድርጓት። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ።»

ሳባም ከጎኑ ነበር።

እንደ ወጉ የሥጋው ድርሻ መታደል ጀመረ። አዳዩ ስም እየጠራ ለየክብሩ ይሰጣል። «ለከበሮ መቺው!» ማንጊሁት ተቀበለ። «ለደወል መቺው!» ሳባም ተቀበለ። «ለኪቦርዱ!» ቦናር ተቀበለ። አዳዩ ከሣህኑ ላይ አንድ ቁራጭ አነሣና አመነታ፤ ወደ ቲዮርማ አየ። ራሷን ነቀነቀችለት።

«ለእምቢልታ ነፊው!» አለ።

ቦናር መነሣት አቃተው። ማንጊሁት ተነሥቶ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ በሙዝ ቅጠል ጠቀለለው፤ ለማንም ሳያስይዝ ዳገቱን ወጥቶ ለእህቱ አደረሰላት።

«የባልሽ ድርሻ ነው» አላት። «ዛሬ ሠርቷል።»