የሠዓሊው ጎፈሬ

አንድ ጊዜ ከአሰበ ተፈሪ ወደ በደሳ በአውቶቡስ ስሄድ፣ አንዲት እናትና አንድ ጎፈሬያም ወጣት ከፊቴ ተቀምጠው ነበር።

«ማን ሞቶብህ ነው ልጄ፣ ጠጉርህን እንዲህ የለቀቅከው?»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም እማማ! ሠዓሊ ነኝ። ፎቶ ቤት ሰው የሚነሣበትን መጋረጃ ነው የምሥለው።»

«አለቃህ አይቆጣም?»

«የሱ ጎፈሬ ከኔ ይብሳል!»

«እናትህስ?»

«የወፍ ጎጆ ተሸክመህ መጣህ ትለኛለች፤ ቢሆንም ታበላኛለች።»

«የኔም ልጅ ድሬዳዋ ሙዚቀኛ ነው። እንዳንተው አጎፍሮ ቢመጣ፣ ሳትላጭ ደጄን እንዳትረግጥ አልኩት።»

«ተላጨ?»

«አልተመለሰም። ይኸው ሦስት ፋሲካ አለፈ።»

«ይላኩበት እንጂ!»

«አድራሻውን የት አውቄ?»

እናት እጃቸውን ወደ ጎፈሬው ዘረጉ።

«እስቲ አንዴ ልንካው?»

«ይንኩት እማማ።»

«ለካ ለስላሳ ነው።»

እኔ በደሳ መውረድ ሲገባኝ፣ እነሱን ስሰማ አልፌው ገለምሶ ደረስኩ።