ከጠበል ያወጣኋት ልጅ

ጎርፉን ቤቴ ያስገባችብኝ ጥሩዬ ናት። እኔው ክርስትና ያነሳኋት፣ የገዛ ልጄ ብዬ የማምናት! እዚሁ ወገዳ ከተማ ከደጄ ፊት ለፊት መጋዘን ሠራችና፣ የዕቃ መኪና እንዲገባላት ብላ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ በድንጋይና በአፈር ደፈነችው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ውሃው መሄጃ አጣ፤ መንገዱን ተሻግሮ በእኔ በር ገባ። ጎታዬ ከነጤፉ ራሰ፤ የጭቃው ግድግዳዬም ከሥሩ ይላጥ ጀመር።

ሄድኩና «ምነው ልጄ፣ ቤቴን በላዬ ላይ ልታፈርሺው ነው?» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ ምን ላድርግ? ዝናብ እኮ የእግዜር ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ። «እርስዎም እንደኔ ደጅዎን በሲሚንቶ ከፍ ያድርጉት።»

ደሜ ፈላ። «ዝናቡስ የእግዜር ነው፤ ጎርፉ ግን ያንቺ ነው! እየተንቀጠቀጥሽ ከጠበል ስትወጪ በነጠላዬ የጠቀለልኩሽ እኔ ነኝ። ውለታዬን በውሃ መለስሽልኝ? አንድ ቱቦ ከሥር ቀብረሽ ብትደፍኚው መኪናሽ ይከለከል ነበር?»

«አይ እማማ! ደግሞ መሐንዲስ ሆኑ?» ብላ ከት ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ ማለዳ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ሰብስቤ አፈር ሞላሁና ደጄን ከዳር እስከ ዳር፣ ከእሷ ሲሚንቶ አስበልጬ ገደብኩት። ከእንግዲህ ውሃው ከእሷ መጋዘን በቀር መግቢያ የለውም። እኔም በርጩማዬን አውጥቼ ከከረጢቶቹ ኋላ ተቀመጥኩና ደመናውን መጠበቅ ጀመርኩ።