ለአሮጌው ሰፈር የቆሙት እትዬ ቱምቢ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ቤተ ዘመዶችና ጎረቤቶች፤ የታላቅ እኅቴን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ከእሳቸው ጋር አንድ ዓመት ሙሉ ተኳርፌ የኖርኩ ሰው በመሆኔ፣ ከማንም ይልቅ እውነቱን የመናገር ግዴታ አለብኝ።

ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በአሮጌው ሰፈር ከደረጃው ግርጌ ባለችው ባለ አንድ ፎቅ ቤት የተወለዱት እኅታችን፣ ገና ፊደል ሳይቆጥሩ ቱምቢ መያዝ የለመዱ ነበሩ። አባታችን በክር የታሰረችውን ብረት ከግድግዳው ራስ ሲያወርዱ፣ ከታች ሆነው ግድግዳው ቀጥ ማለቱንና አለማለቱን የሚናገሩት እሳቸው በመሆናቸው፣ ሰፈሩ "ቱምቢ" የሚል ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ስሙን ሳይጠሉት አረጁበት።

ትምህርታቸውን ጨርሰው በንድፍ ሥራ ከሠለጠኑ በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ የቴክኒክ ክፍል ተቀጠሩ። በዚያም ሳሉ የቢሯቸውን መስኮት ሊጠግኑ ከመጡ አናጢ ጋር ተዋውቀው ትዳር መሠረቱ፤ አንዲት መስኮት ሦስት ሳምንት መፍጀቷን ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ ያነሡታል። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

የአሮጌው ሰፈር ቤቶች፣ እንደምታውቁት፣ ከታች ክንድ ተኩል ውፍረት ባለው ድንጋይና ኖራ፣ ከላይ በእንጨት ሰገነት የተሠሩ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ናቸው። መንገዱ የጠበበው ጥላ እንዲኖረው ታስቦ እንጂ ቦታ ጠፍቶ እንዳልሆነ፣ የዝናቡም ውሃ በድንጋዩ ቦይ ከደጅ ወደ ደጅ እየተቀባበለ ወንዝ እንደሚገባ፣ እትዬ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያስረዱ ነበር።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን አንሥቶ ሰፊ መንገድ ሊያወጣ በማሰቡ፣ አርባ አንዱም ቤቶች ዘምመዋል፣ ለነዋሪውም ሕይወት ያሰጋሉ የሚል ሰነድ አዘጋጅቶ ለፊርማ አቀረበላቸው። ያልለኩትን እንደማይፈርሙ ተናገሩ። አለቃቸውም፣ "ፊርማ እኮ ነው እትዬ፣ ድንጋይ ይሸከሙ አላልንዎትም" ቢሏቸው፣ "ድንጋይማ ቢሆን ይቀለኝ ነበር" ብለው ወረቀቱን መለሱ። በሳምንቱ መዝገብ ቤት አወረዷቸው።

እሳቸው ግን መውረዱን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ እሑድ እሑድ ባለቤታቸውን መሰላል አሸክመው፣ በአምስት ወር ውስጥ አርባ አንዱንም ቤቶች ለክተው ውጤቱን በዝርዝር ጻፉ። ሠላሳ ስምንቱ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሦስቱ ግን በእርግጥ ዘምመው ነበር። ከሦስቱ አንዱ የተወለድንበት፣ በዚያን ጊዜም እኔ ከነልጆቼ የምኖርበት ቤት ነበር።

"እትዬ፣ የአባታችንን ቤት በገዛ እጅዎ ሊያስፈርሱ ነው? ከዝርዝሩ ይተዉት" ብዬ ለመንኳቸው።

"በአንዱ ብዋሽ በሠላሳ ስምንቱ ማን ያምነኛል? ደግሞስ በልጆችህ ላይ ቢናድ?" አሉኝ።

ደጄ ላይ ትቻቸው ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ አላነጋገርኳቸውም።

በዓመቱ ዶዘሩ በመጣበት ጠዋት፣ እትዬ ከሠላሳ ስምንቱም ቤቶች ግድግዳ ራስ ላይ ክር አስወርደው፣ በክሩ ጫፍ ያገኙትን ብረትና ድንጋይ አንጠልጥለው፣ መንገዱ መካከል ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ማፍረሱን ሊመራ ከሌላ ከተማ የመጣው መሐንዲስ ክሩንና ግድግዳውን እያስተያየ ቁልቁለቱን ወረደ፤ ተመልሶም ወጣ።

"ይህን ሰፈር ዘምሟል ያለው ማነው?" ሲል ጠየቀ።

መሐንዲሱም ሞተሩን አስጠፋ።

ሠላሳ ስምንቱ ሲተርፉ፣ ሦስቱ ቤቶች በዚያው ወር በእጅ ፈረሱ፤ ተደግፈዋቸው የቆሙት ቤቶች እንዳይናዱም አናጢው የእትዬ ባለቤት በወፍራም ግንድ ደገፏቸው። የቤታችን መሠረት ሲገለጥ ክንዴን እስከ ክርኔ የሚያስገባ ስንጥቅ አየሁ፤ ልጆቼ የሚተኙት ከዚያ በላይ ነበር። ሄጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ "ተነሥ፣ ልብስህ ይቆሽሻል" ብቻ አሉኝ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ሐኪሙ ቁልቁለቱን ትተው ሜዳ ላይ እንዲኖሩ ቢመክሯቸው እንቢ አሉ። ባለፈው ወር ሰፈሩን ለማንሣት እንደገና ጥናት እንዲደረግ የሚያዝ ደብዳቤ ከማዘጋጃ ቤቱ ሲመጣም፣ በአልጋቸው ላይ ሆነው የእንቢታ መልሳቸውን በታላቋ ልጃቸው እጅ ካስጻፉ በኋላ በገዛ እጃቸው ፈረሙ። ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በዚያው ቤታቸው ዐረፉ።

በቀብራቸው ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ማንም ንግግር እንዳያደርግ ተናዝዘዋል። ስለዚህ ከዚያ ለመጣችሁ እንግዶች መቀመጫ ሰጥተናችኋል፤ መናገሪያ ግን የለንም። የደብዳቤው መልስ ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል፤ የምናመጣውም ሁላችንም ሆነን ነው።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና እስከ ዛሬ በየቤታችን ያለነውን የሰፈሩን ሰዎች ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ማንም በማያነሣቸው ማደሪያ ያኑርልን፤ ለእኛም የእሳቸውን እንቢታ አያሳጣን። አሜን።