የሬዲዮው ዳኘው እና የቡሬው ቢሰጥ

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ ባልደረቦቼ፣ ይህን ግብዣ ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ሻንጣውንም ወድጄዋለሁ። ግን በሞቴ፣ የባሕር ዳር መንገድ ተዘግቶ ሳለ ለጡረተኛ ሻንጣ መሸለም የማን ሐሳብ ነው? ልጄ ከዚያ ሆና «መቼ ትመጫለሽ?» ስትለኝ «ሻንጣ አግኝቻለሁ፣ መንገድ ቀረኝ» አልኳት።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ራሴ አይደለም። ከኋላ በሩ አጠገብ ስለተቀመጠው ስለ ቢሰጥ ነው። አዲስ የገባችሁ ልጆች የሬዲዮ ጣቢያችን ጥበቃ ብቻ ይመስላችኋል። እሱ የቡሬ ገበሬ ነው።

በንጉሡ ዘመን «መሬታችን በቀላድ አይለካም» ብለው ስላመፁ የጎጃም ገበሬዎች ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ስጽፍ፣ መሪያቸውን ዳኘው አልኩት። ከራሴ የፈጠርኩት ሰው ነው። ድምፅ የሚሆነው ተዋናይ አጣሁ፤ የከተማዎቹ ሲናገሩ እርሻን በመኪና መስኮት ያዩት ይመስላሉ። አንድ ቀን ቡሬ ገበያ ላይ ቢሰጥ ስለ አንድ በሬ ጠባይ ከደላላ ጋር ሲሟገት ሰማሁትና «ይኸው ዳኘው!» አልኩ።

ወደ ጣቢያችን እየተመላለሰ ድምፁን አስቀረጸ። ሚስቱ ሀብትነሽ «ቤት ውስጥ እንዲህ ደፍረህ ተናግረህ አታውቅም» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከዚያ ማዳበሪያ የዘገየበት ሰኔ መጣ። ገበሬው ቡሬ የማዳበሪያው መጋዘን ደጅ ተሰብስቦ ቆመ። ቢሰጥም እንደማንኛውም ሰው ድርሻውን ሊጠይቅ ሄዷል። አንዱ በድምፁ አወቀው። «ዳኘው እዚህ አለ! ዳኘው ይናገርልን!» ጋሪ ላይ አወጡት።

ምን ይበል? «እኔ ተዋናይ ነኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? «ዘሩ በጎተራ፣ ዝናቡ በደጅ፣ እኛ እዚህ የሰው በር እንጠብቃለን?» አለ። ይህን ቃል እኔ አልጻፍኩለትም።

በሳምንቱ ጋዜጦች ጻፉ። አንዱ «አዲሱ የገበሬ መሪ» አለው፤ ሌላው «ሕዝብ ቀስቃሽ»። ስሙን የጠየቀ ግን አልነበረም። ሁለቱም «ዳኘው» ብለው ነው ያተሙት።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አላገኘም። አንዱ ወገን ጠርቶ «ማን ላከህ?» አለው፤ በስንት ምልጃ ተለቀቀ። ሌላው ወገን ደጁ ድረስ መጥቶ «በል እንግዲህ፣ ያ ድምፅህ ለእኛ ይሁን» አለው። እሺም እምቢም የማይባልበት ቦታ ላይ ቆመ። ከሀብትነሽ ጋር ተማክሮ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠና እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ጣቢያችን መጣ።

«እትዬ ማርያማዊት» አለኝ፣ «ጽፈው አስገቡኝ፤ ጽፈው ያውጡኝ።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ምን ልጻፍ? ዳኘው እጁን ሰጠ ብል ገበሬው ያዝንብኛል። አሸነፈ ብል የሚቆጣ አለ። በሰላም ቤቱ ገባ ብልስ? ለሬዲዮው ዳኘው ያምርበታል፤ ለቢሰጥ ግን መንገድ አይከፍትለትም። ድራማው በዚያው ቆመ። የቻልኩት ሥራ አስኪያጃችንን አቶ ክንፈሚካኤልን ለምኜ ይህን የጥበቃ ሥራ ማስገኘት ብቻ ነው። ከአጥሩ ቢወጣ የሚገጥመውን እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም።

ሀብትነሽ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ትመጣለች። ባለፈው «በሬዎቹ ድምፅህን ረስተዋል» ብላው ሄደች።

ዛሬ ጠዋት «አንተም ንግግር አድርግልኝ እንጂ» ስለው «እኔ አንዴ ተናግሬ ይኸው እዚህ ነኝ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ «አንድ ነገር ብቻ ይበሉልኝ» አለ።

አደራውን ልወጣ። ይህ ሰው ቢሰጥ ይባላል። ዳኘው አይደለም። እባካችሁ፣ በስሙ ጥሩት።

እናንተንም እግዚአብሔር ለምትናገሩት የሚሰማ ጆሮ ይስጣችሁ። ወጥታችሁ የምትገቡበትን፣ ዘርታችሁ የምታጭዱበትን ዘመን ያምጣላችሁ። ቢሰጥንም ለገዛ ማሳው ያብቃው።

አሜን በሉልኝ።