ጋቢው የሸፈናቸው አበቦች

ባለቤቴ ሆስፒታል ማረፉን በስልክ የሰማሁ ቀን ሽንኩርት እየላጥሁ ስለነበር የቤቱ ሰው እንባዬ የሽንኩርቱ መስሎት ነበር። አርባው ሲቃረብ ልብሱን ለነዳያን ልሰጥ ብሰበስብ ጋቢው ጠፋ። ስለዚህ ዕድሜውን ሙሉ በዘበኝነት ወደ ጠበቀው፣ ጣና ዳር ወዳለው የድሮ መኳንንት ቤት ሄድሁ፤ አሁን ጎብኚ የሚያየው ሙዚየም ሆኗል። «ጋቢውማ እዚህ ነው፣ እትዬ» ብላ አስጎብኚዋ ፎቅ አወጣችኝ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስትገባ ጋሼ ይህን ሥዕል ይሸፍኑት ነበር። የሚገልጡት ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ነበር። ‹ብርድ እንዳይመታው ነው?› እያልን እንቀልድባቸው ነበር።»

ስትገልጠው በዘይት ቀለም የተሣለ አንድ ማሰሮ ሙሉ ጽጌረዳ ወጣ። ቀዩ ገና ቀይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ በረገፈችው የአበባ ቅጠል ላይ ያለው ጤዛ እንኳ የደረቀ አይመስልም። አጠገቡ ያለው ሥዕል ግን እንደ ገለባ ገርጥቷል። ለእኔ አንድ ቀን አበባ አምጥቶልኝ የማያውቅ ሰው እነዚህን በገዛ ጋቢው ሲያኖራቸው መክረሙን ሳይ ኮራሁ፤ ትንሽም ቀናሁ። «ይውሰዱት እትዬ፣ የእርስዎ ነው» አለችኝ። «ሥዕሉን በምን ልትሸፍኑት?» ብላት ዞራ የገረጣውን ሥዕል አየች። «እንግዲያው ይቆይ» አልሁ። በአርባው የራሴን ጋቢ ለነዳያን ሰጠሁ። እናንተም ያን ቤት ለማየት ከሄዳችሁ፣ አበቦቹን ጠግባችሁ ካያችሁ በኋላ መልሳችሁ ሸፍኑልኝ፤ ስትሸፍኑም ለባለቤቴ ነፍስ ይማር በሉ።